ሆዳሙ ገመድ

የመኪናችንን ኮፈን የከፈትኩት ለማጽዳት ነበር። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል ተብሎ፣ ልጃችን ሃና ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አባዬ፣ ቢያንስ አቧራዋን አራግፍላት፤ ሰውዬው ገና ሲያያት እንዳይሸሽ» ብላኛለች። ጨርቅ ነክሬ ጎንበስ ስል የዘይት፣ ያረጀ ጎማና የአዳማ አቧራ የተቀላቀለበት ሽታ ፊቴን መታኝ። መኪናዋ ለወራት ከግቢ ባትወጣም ፀሐዩ ሞተሩን አግሎታል። ጨርቁ እጄ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ። ከፍራንኮ ሰፈር ጀርባ፣ ግራር ሥር የነበረው የኦቦ ዲንቃ ጋራዥ የሚሸተው ልክ እንዲህ ነበር።

እዚያ ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ የሞባይል መሸጫ ነው፤ ደጁን ባጃጆች ሞልተውታል። ያኔ ባጃጅ የለም። ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት፤ መንገዱም የጋሪ ነበር። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉንጉን ታስሮላቸው፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎላቸው፣ ከፖስታ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያ በስሙኒ ያደርሱ ነበር። እኛ ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰን፣ ጠጉራችንን አጎፍረን፣ ጭማቂ ቤት ደጃፍ ላይ እንቆማለን። የፓፓያ ጭማቂ በትልቅ ብርጭቆ ይቀዳል። ከውስጥ ካሴት ይጮኻል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ክሩ ይለጠጥና የዘፋኟ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ባቡሩ ሲገባ ደግሞ ጡሩምባው ዘፈኑን ይውጠዋል። ዛሬ ዘፈኑን ረስቼዋለሁ፤ የት ላይ ይዋጥ እንደነበር ግን አልረሳሁም።

ማርታን ያገባኋት በዚያ ዘመን ነው። ፋርማሲስት ናት። ግራ እግሯ ገና በሕፃንነቷ በፖሊዮ ሰልሏል፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። ጋሪ ስትሳፈር ነጂው ወርዶ፣ በብብቷ ይዞ አንሥቶ ያስቀምጣታል። ሰውዬው ደግ ነበር፤ ሒሳብ እንኳ አንዳንዴ አይቀበላትም። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ነው የምትሳፈረው። «እንደ ጆንያ ነው የሚጭነኝ» ትለኝ ነበር። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ስዞር የኖርኩት በመሥሪያ ቤት መኪና፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ጋቢና ነው። መንዳት ሳልማር አረጀሁ።

መልካሳ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ መኪናውን እንደሚሸጥ የሰማሁት ለዜና ሄጄ ነው። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ነበረች። ፍሪሲዮን የላትም። ያሏት ሁለት ፔዳሎች ናቸው፤ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። ይህን ስነግራት ማርታ ምርኩዟን አነሣችና፣ «መቼ ነው የምናያት?» አለችኝ። መንጃ ፈቃድ ፈታኙ ግን ተቸገረ። በመኪናዋ ዙሪያ ሁለቴ ዞሮ፣ በመስኮት አጎንብሶ፣ «ግራ እግርሽ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?» ሲላት፣ «እሱ ተሳፋሪ ነው» አለችው። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀ፤ ፈረመላትም። ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ። ለዓመታት በየሄደችበት «ተሳፋሪሽ ደኅና ነው?» ይሏት ነበር። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ በሸንኮራው መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ነድታ ስትመለስ በር አላንኳኳችም። ሰፈሩ ሁሉ እስኪወጣ ጡሩምባ ነፋች።

ከዚያ ነዳጅ በኩፖን የሆነበት ጊዜ መጣ። ስለ ዓመቱ ከሌሎች ጋር አልከራከርም፤ እሑድ እሑድ መኪና የማይነቃነቅበት፣ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። አውቶማቲክ መኪና በከተማው ውስጥ በጣት ይቆጠራል፤ ሁሉም የሚጠገኑት ኦቦ ዲንቃ ዘንድ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታውን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። አንድ ቀን ማርታን ኮፈኑ አጠገብ ጠራትና ከካርቡራቶሩ ተነሥቶ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ገመድ አሳያት።

«ማርታ ልጄ፣ ይሄን ታይዋለሽ? ሆዳም ነው» አላት። «አንቺ ነዳጅ እስከ ወለሉ ስትረግጪ ይሄ ይሳባል። ሲሳብ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ትዘላለች፤ ነዳጅሽን ትጠጣለች። በኩፖን ዘመን ሆዳም አይቀለብም። ጾም እናስገባት?»

«ጾም ስትገባ ምን ይጎድልብኛል?»

«መዝለል ይቀርብሻል። ሰው ለመቅደም እንዳትቸኩዪ።»

«ማንን ነው የምቀድመው ኦቦ ዲንቃ? ጋሪ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ገመዱን ከካርቡራቶሩ ነቅሎ ጠቀለለው፣ በሽቦ ከጎን ካለ ቱቦ ጋር አሰረው። የከተማው አውቶማቲኮች ሁሉ እንዲህ ጾም ገቡ። ያ ነገር ነዳጅ ምን ያህል እንደቆጠበ አላውቅም፤ የለካው ሰው የለም። ነገር ግን ማንም አልተጎዳበትም። መንገዱ ባዶ ነበር። ዝዋይ ድረስ ቆሮሶ ዓሣ ልንበላ ስንሄድ በመንገድ የምናገኘው የሸንኮራ ትራክተር፣ ከብትና አልፎ አልፎ የሚያልፍ ከባድ መኪና ነው። መኪናዋ ቀስ ብላ ፍጥነት ትይዛለች፤ እኛም አንቸኩልም። አዳሚ ቱሉ አጠገብ ግራር ሥር ቆመን ብርቱካን እንልጣለን። ሃና ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች። ኩፖኑ ሲቀር ኦቦ ዲንቃ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ሽቦውን በጠሰ፤ ገመዱን መልሶ አገናኘና፣ «ጾሟ ተፈታ!» አለ። ይህን እንደ ሥራ ቆጥሮ ሒሳብ አልጠየቀም። ከሞተ ቆይቷል።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልመለስ። ከበልጉ በፊት ማርታ ሞጆ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ በአሮጌው መንገድ ስትነዳ አጠገቧ ነበርኩ። ከአዳማ እንደወጣን ያለው ዳገት ላይ ኮንቴይነር የጫነ ባለ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከኋላችንም ከፊታችንም ተመሳሳዮቹ ተደርድረዋል። የሞጆ ደረቅ ወደብ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ የእነሱ ነው። ማርታ አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ ወጣች። ከተሳቢው ጎን ላይ ደረስንና እዚያው ቀረን። መኪናዋ ታቃስታለች እንጂ አትፈናጠርም። ከላይ አውቶቡስ መጣ። የተሳቢው ሹፌር ፍሬን ባይዝልን፣ አውቶቡሱም ወደ ጠጠሩ ባይወጣልን ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ዳር ይዛ ቆመች። እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ። የተሳቢው ሹፌር ሲያልፍ በመስኮቱ ወጥቶ፣ «እማማ፣ ጸበል ይሂዱ እንጂ መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ!» ብሎ ጮኸባት። «እስከ ወለሉ የረገጥኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «አልረገጥኩም ማለት ነው። ቀኙም ከዳኝ።»

እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው፤ እግሯን ደግሞ አላየሁም፣ አውቶቡሱን ነበር የማየው። ስለዚህ አልተከራከርኳትም። ከዚያ ወዲያ ነዳጁን ልትረግጥ ስላልደፈረች በሌላ ሰው መኪና ተጎትተን ተመለስን። ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ ገበያም፣ ቸርችም በባጃጅ ሆነ። የባጃጅ ነጂዎቹ ልጆች ጥሩ ናቸው፤ ወርደው በብብቷ ይዘው ያነሷታል። እሷም እንደ ድሮው ጥርሷን ትነክሳለች። «እንደ ጆንያ» የሚለውን ግን አሁን አትለውም። ማታ ቁጭ ስትል ቀኝ ጉልበቷን ይዛ አያታለሁ፤ የታመመ ሰው ጉልበት እንደሚያዝ ሳይሆን፣ ያጠፋ ልጅ ክንድ እንደሚያዝ። ሃና «እማዬ፣ ይበቃሻል፤ ይሸጥ» ስትላት «ይሸጥ» አለች። ነገሩ እንዲህ አለቀ።

ቅድም ያልኩት ኮፈን ሥር፣ የማስታውሰው ሽታ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ቱቦው ላይ አረፈ። ገመዱ ከካርቡራቶሩ ተነቅሏል። ተጠቅልሏል። በሽቦ ታስሯል። መጀመሪያ የኦቦ ዲንቃን ሥራ ያየሁ መሰለኝና ልቤ ለሰለሰ። ከዚያ ሽቦውን ነካሁት። አዲስ ነበር፤ ዝገት የለውም። የኦቦ ዲንቃን ሽቦ ራሱ ሲበጥሰው ቆሜ አይቻለሁ። ይሄን ያሰረው ሌላ ሰው ነው።

ለማርታ ከመናገሬ በፊት ገመቹን ጠራሁት። ገመቹ የኦቦ ዲንቃ ልጅ ነው፤ ራሱም ሸብቷል። ጋራዡን ወደ ከተማው ዳር ካዛወረ በኋላም የዚችን መኪና ዘይት የሚቀይረው እሱ ነው። በባጃጅ መጣ።

«አካም ቡልተኒ ጋሼ!» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ገመቹ። ና ይሄን እይልኝ። ማነው ያሰረው?»

አየና ፈገግ አለ። «እኔ ነኛ! ነዳጅ የጠፋ ሰሞን፣ ዘይት ስቀይርላችሁ። እትዬ ማርታ ወረፋ ላይ ሲውሉ አየኋቸዋ። አባባ ያደርግላችሁ የለ? እኔም ጾም አስገባኋት።»

«ነግረሃታል?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ጾም መግባቷን።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። በዳገቱ ላይ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ገመቹ የባጃጁን ወንበር ደግፎ ቆመ። «ያ ረቢ፣ አምላኬ» አለ በዝግታ። ኋላችን የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ማርታ በረንዳው ላይ ነበረች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም። ወደ መኪናዋ መጣች፤ የታሰረውን ገመድ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ፍታው» አለችው።

ሥራው ብዙ አይደለም፤ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ነዳጅ የሚረግጥ፣ አንዱ ገመዱን የሚያይ። ገመቹ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠ፣ የገመዱን ጫፍ ካርቡራቶሩ ላይ ካለው ክንድ ጋር አያያዘው። ልኩን የሚያስተካክሉት ሽፋኑ ላይ ያሉ ሁለት ዳዶዎች ናቸው። እግር ካልነካው ገመዱ መላላትም መወጠርም የለበትም፤ ነዳጁ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ደግሞ እስከ መጨረሻው መሳብ አለበት። ማርታ ሞተሩ ሳይነሣ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ፣ እስከ ወለሉ ይርገጡልኝ።»

«ረገጥኩ።»

«ይጨምሩ።»

«ምኑን ልጨምር ገመቹ? ከዚህ በታች ያለው አስፋልት ነው!»

ገመቹ አንገቱን ደፍቶ የካርቡራቶሩን ክንድ አሳየኝ። እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። «ይልቀቁ» አለ፤ ክንዱ ተመለሰ። «ይርገጡ» አለ፤ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ እስከ መጨረሻው ሄደ። ደጋግሞ አስረገጣት። ለዳዶው ይህን ያህል መደጋገም ያስፈልግ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። በመስኮቱ አጎንብሼ፣ «እግርሽን ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው» አልኳት። «ሙሉውን ይከፍታል።» እንደገና ረገጠች፤ አሁን ማንም ሳያዛት።

መኪናዋን ልንሞክራት በመልካሳ በኩል ወጣን፤ ገመቹ ከኋላ ተቀምጧል። ገመዱ ጥቂት ስለተወጠረ መጀመሪያ ላይ ማርሹ ሲዘገይና ሲመታ ተሰማን፤ አዋሽ ድልድይ ማዶ ስታቆም ገመቹ ወርዶ ዳዶውን ትንሽ አላላው። ከዚያ የዴራ ዳገት መጣ። ከፊታችን የቲማቲም ሳጥን የጫነ መኪና በዝግታ ይወጣል። ማርታ መስታወቷን አየች፤ መንገዱን አየች። ጠብቃ ደግማ አየች። ያን ያህል ስትጠብቅ አይቻት አላውቅም። ፍሬቻ አሳየችና ወጣች፤ እኔም በዚህ ጊዜ እግሯን አየሁት። ሙሉ በሙሉ ወረደ። መኪናዋ እንደሚያስነጥስ ሰው ትንፋሽ ያዘች፣ ማርሿ ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ቲማቲሙ ኋላችን ቀረ።

ዴራ ዳር ይዛ አቆመች። ሁለት እጆቿን መሪው ላይ እንዳደረገች፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ እግሬን ስሰድበው ነበር» አለች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ገመቹ ከኋላ። «ለመልካም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አባትህም ለመልካም ብሎ ነው። እሱ ግን ጾም ከማስገባቱ በፊት ይጠይቀኝ ነበር።»

እዚያ ቁጭ ብለን ሳለ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ተመለከትኩ። ኦቦ ዲንቃ ገመዱን ሲያስር መንገዱ ይቅር የሚል መንገድ ነበር። ልጁም ያንኑ ቱቦ፣ ያንኑ አስተሳሰር መረጠ፤ መንገዱ ግን ያ መንገድ አልነበረም። ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር አላገኘሁበትም። ደክሞኝም ነበር።

ቤት ስንደርስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «አሁን ይሸጥ» አለችኝ። ገርሞኝ አየኋት። «ቅድም ተባርሬ ነበር የምሸጠው። አሁን ፈቅጄ ነው» አለች።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ወጣት፣ ፀሐይ መነጽሩን ጠጉሩ ላይ የሰካ፣ አሮጌ መኪና የሚወድ። በጎማዎቹ ዙሪያ ዞረ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፣ «ጤነኛ ናት ማዘር፣ ተመችታኛለች!» አለ። በዋጋው ተስማሙ። ማርታ ቁልፉን መዳፏ ላይ ይዛለች። ልጁ ኮፈኑን ሊዘጋ ሲል ገመዱን አየና በጣቱ ነካው።

«ይቺን አውቃታለሁ፤ ነዳጅ የምታስበላው እሷ ናት። ችግር የለም፣ መቂ እንደገባሁ አስነቅላታለሁ። አንድ ጓደኛዬ አለ፣ በሽቦ ጥፍር ያደርጋታል።»

የማርታ መዳፍ ተዘጋ።

«ልጄ፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» አለችው።

«እንዴ ማዘር! ዋጋው ከሆነ እናወራለን።»

«ዋጋው አይደለም። ይቺ መኪና ጾሟን ፈታለች፤ ድጋሚ አላስገባትም። አንተም የምትገዛት ሌላ መኪና ገመዷ ታስሮ ከሆነ አስፈትተህ አስገጥም። በሞጆ መንገድ ከሆነ የምትመላለሰው፣ ዛሬውኑ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ማታ ሃና ደወለች፤ የተቆጣው ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኛል፤ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ!» ትላለች። ማርታ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ጠበቀቻትና፣ «እግሬ ደኅና ነው። ማስረጃ ከፈለግሽ አባትሽ አለልሽ፤ አይቷል» አለቻት።

ይህን የምጽፈው የነዳጅ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ሙቀቱ ከብዷል። ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ በማዕዘኑ ታጥፎ፣ ድሮ ጭማቂ ቤቱ ከነበረበት ደጃፍ አልፎ ይሄዳል፤ እኛ ያለነው ደጃፉ ላይ ነው። አሁን ባቡሩም አይጮኽም። ነዳጁ ሳይደርሰን ሊያልቅ ይችላል፤ የሞጆ ተሳቢዎችም ነገ ከዛሬ ይበዛሉ እንጂ አይቀንሱም፤ እኛም ነገ ከዛሬ አንጠነክርም። እነዚህን ሁሉ ማርታ ታውቃለች። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋለች።

ወረፋ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሰዉ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በእጅ ይገፋል። ፊታችን ክፍተት ሲፈጠር ከኋላ ያሉ ልጆች ወርደው መጡ፤ አንዱ እጁን ኮፈኑ ላይ ጥሎ፣ «ማዘር፣ እንግፋልዎት?» አላት።

«ተባረኩ፤ እኔ እወስዳታለሁ» አለችና ሞተሩን አስነሣች። ቀኝ እግሯ ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ሄድን፣ ቆምንም።